አሥር ብር በካልሲ ውስጥ

ትናንት ለሆዴ ብዬ የጀመርኩትን ስፖርት 12ኛ ሳምንት ጨረስኩ። ከመስቀል አደባባይ ተነስቼ በእግሬ ወሎ ሰፈር ደርሼ ተመለስኩ፤ በመንገዴ አንድም ጊዜ መጸዳጃ ቤት አልፈለግሁም። ጤነኛ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ሆዱ የሚያስቸግረው ግን ደስታዬ ይገባዋል።

የኋላውን ላሳጥረው። መጀመሪያ አሜባ ተባልኩ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ፣ ከዚያ ጨጓራ። የታዘዘልኝን ሁሉ ዋጥኩ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም በደንብ ካስመረመረችኝ በኋላ አንጀቴ እንዳልቆሰለ፣ ነገር ግን ቶሎ እንደሚቆጣ ነገረችኝ፤ አይቢኤስ የሚሉት ነው። ስፖርት እንድሠራም መከረችኝ። 12 ሳምንት ያልኩት ከስዊድን ጥናት ወስጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው በዚህ ጥናት 102 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከ20 እስከ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 8 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደወትሯቸው ከኖሩት ግን 23 በመቶ ነበሩ።

እኔ ግን የሯጮች አገር ልጅ ነኝና በእርምጃ መጀመር አሳፈረኝ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቡናዬን ጠጥቼ ጃንሜዳ ወረድኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፤ አጥሩን ተደግፌ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ “በርቺ ልጄ!” ብለውኝ አለፉ። እንዲህም ሆኖ “ይለመዳል” እያልኩ ሦስት ሳምንት ቀጠልኩ። አይለመድም! ሰው በኃይል ሲሮጥ ደሙ ከአንጀት ወደ እግር ጡንቻ ይሸሻል። በዚያ ላይ ጠዋት አንጀት በራሱ የሚነቃበት ሰዓት ነው፤ ቡናው ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። ሦስቱን ባንድ ላይ ጭኜበት ኖሯል።

አሁን ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ላይ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፤ እያወራሁ መሄድ እችላለሁ፣ መዝፈን ግን አልችልም። ሆዴ ሲነፋ ከእራት በኋላ በግቢያችን ዙሪያ የማደርጋት አሥራ አምስት ደቂቃ ከየትኛውም ክኒን በልጣብኛለች፤ አየሩ ይወጣል፣ ቀበቶዬ ይላላል። መንገዴን የምመርጠው በመጸዳጃ ቤቶቹ ነው፤ ካልሲዬ ውስጥም የታጠፈ አሥር ብር አይጠፋም። ጂም ቤት ገብታችሁ ሆድ እያጠፋችሁ የምትታገሉ ሰዎች ግን ምን እንደምትፈልጉ አይገባኝም። የተቆጣን አንጀት መጭመቅ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ደም ካያችሁ ወይም ሳታስቡት ከከሳችሁ እኔን ተዉኝና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደግሞም ቅዱስ አልሆንኩም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ዝናብን ሰበብ አድርጌ ቀርቻለሁ። ሽንኩርት የበዛበት ምስር ወጥ በበላሁ ማግሥትም እግሬ ምንም አይረዳኝም፤ ይህን ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኛል። ዛሬ ምሳ እሷ ጋ ነኝ፤ ጾም ስለሆነ ምን እንደሚቀርብ አውቃለሁ። የእርምጃ ጫማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።