ታድጊበታለሽ

ሹራቧ ሰማያዊ ነበረች። ደረቷ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አላት። አንገቷ ውስጥ ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች። ጨርቋ ላይ የነበረው ጽሑፍ በእጥበት ብዛት ጠፍቷል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ቀርቷል። 152 ይላል።

አባቴ ሹራቧን የገዛት በ1986 ዓ.ም. መስከረም፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ነው። አንድ ጠቦት ሸጦ፣ ጨውና ጋዝ ከተገዛ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ነው የገዛት። ለታላቅ ወንድሜ ነበር። አያ ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ስለነበር 7ኛን ሊማር ማርቆስ መመላለስ ሊጀምር ነው። የማርቆስ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እኛ ደግሞ ከከተማው በላይ፣ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ነን።

አያ ሹራቧን ሲለብሳት እጅጌዋ ጣቶቹን ሸፈነው። እናቴ ሁለት ጊዜ አጠፈችለትና ወደ ኋላ ብላ አየችው።

«ያድግበታል» አለች።

እኛ ቤት ልብስ ሲገዛ «ልክህ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው ስንት ዓመት ያገለግላል ነው። ከዚያ ደግሞ ለስንት ልጅ ይዳረሳል ነው። እኛ አራት ነን። አያ፣ እታለም፣ እኔ፣ ከዚያ ማሙሽ። በመካከላችን ሁለት ሁለት ዓመት አለ። ሹራቧም በዚያው ልክ ወረደች። አያ ሁለት ዓመት ለበሳት። እታለም 7ኛ ክፍል ስትገባ ተቀበለችው። በ1990 ዓ.ም. የእኔ ተራ ደረሰ።

እኔ ጋ ስትደርስ ብዙ ታሪክ ይዛ ነው። ቀኝ ክርኗ ላይ ከአባቴ ያረጀ ቁምጣ የተቆረጠ አረንጓዴ እራፊ አለ። ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ያን አረንጓዴ ያውቀዋል። ግራ ክርኗን እታለም ራሷ በጥቁር ክር ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፍታዋለች፤ ስትሰፋው መርፌ ወግቷት ስታለቅስ አስታውሳለሁ። አንገቷ ሰፍቶ ከትከሻዬ ይንሸራተት ነበር። ጭስ ጭስ ትሸታለች። ደግሞ የእህቴን ጸጉር ቅቤ ትሸታለች። ማታ ስተኛ አፍንጫዬ ላይ አድርጌያት ነበር የምተኛው።

ስለ ቁጥሯ የየራሳችን ግምት ነበረን። አያ «ዋጋዋ ነው» ይል ነበር። እታለም የፈረንጁ የቤት ቁጥር ነው ብላ ታምናለች። እኔ ደግሞ ከእኛ በፊት የለበሷት ልጆች ብዛት ይመስለኝ ነበር። 152 ልጆች! አያ 153ኛ፣ እታለም 154ኛ፣ እኔ 155ኛ። ማታ ማታ እነዚያን ልጆች አስባቸዋለሁ። የት የት እንደሄዱባት፣ በረዶ ላይ እንደሮጡባት፣ ማን እናታቸው እጅጌዋን እንዳጠፈችላቸው። ይህ ሐሳብ ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ ልብስ ይህን አይሰጥም።

ከሰልባጁ ሌላ ቤት የሚሠራ ልብስ አለ። እናቴ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ታመሻለች። ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ትሰጣለች። ነጠላ በሁለት፣ ጋቢ በአራት ድርብ ይሠራል። ጋቢው መጀመሪያ የአባቴ ነው። ሲሳሳ የልጆች መኝታ ላይ ይወርዳል። ከዚያም ሲያልቅ ደህና ደህናው ተቆርጦ አራስ ልጅ ይጠቀለልበታል። ማሙሽ የተጠቀለለው አባቴ በጫንቃው ይዞት በኖረ ጋቢ ነው። ለአራስ ገላ ከብዙ ዓመት እጥበት በኋላ እንደለሰለሰ ጥጥ የሚሆን ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን። እታለም ቆሎ በመሀረብ ትቋጥራለች። ከእኛ ቤት ሦስት፣ ከጎረቤት አራት አምስት ሆነን ነው የምንሄደው። ውርጭ ሲኖር ሣሩ ነጭ ይሆናል፤ ስንረግጠው ቅሽ ቅሽ ይላል። ጫማችን በእጃችን ነው። ኮንጎ ጫማ ድንጋይ ላይ ያልቃል ስለሚባል እስከ ጨሞጋ በባዶ እግር እንሄዳለን። ወንዙ ዳር እግራችንን ታጥበን፣ በሣር አድርቀን፣ እዚያ እንጫማለን። ከተማ የሚያውቀን ባለ ጫማ ሆነን ነው።

እኔ ከሁሉም አንሳለሁ፤ ቶሎ ይደክመኛል። አያ አንድ ዘዴ ነበረው። «እስከዚያች ግራር ብቻ» ይለኛል። ግራሯ ጋ ስንደርስ «እስከዚያች ቋጥኝ» ይላል። ቋጥኙ ጋ ስንደርስ የባሕር ዛፉን ጥግ ያሳየኛል። እንዲህ እያለ ማርቆስ ያስገባኛል። ውሸቱን መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን እንዲለኝ እፈልጋለሁ። እግሬ ያንን ቃል ካልሰማ አይነሳም።

መንገድ ላይ ሰው ዝም ብሎ አይታለፍም። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ዱላቸውን በጫንቃቸው አጋድመው፣ እጃቸውን በዱላው ላይ ጥለው ይመጣሉ። «እንደምን አደራችሁ?» «እግዜር ይመስገን፤ እንደምን አደራችሁ?» የማን ልጅ እንደሆንን ይጠየቃል። የአባታችን ስም ሲነገር ደግሞ የበሬው ጤና፣ የጤፉ አያያዝ ሁሉ ይጠየቃል። ስንለያይ «በሰላም ያግባችሁ» ይሉናል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሽኝት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ የጎረቤት ልጅ ጓደኛዬ ቤቷ ከእኛ ቤት ይቀድማል። በራፏ ላይ ቆመን ወሬያችን አያልቅም። «ልሸኝሽ» ትለኛለች። እስከ በራችን ትሸኘኛለች። እኔም እንዴት ብቻዋን ትመለስ? መልሼ እሸኛታለሁ። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ እንመላለሳለን። እናቴ ከውስጥ «ኧረ ላሚቱ አልታለበችም!» ብላ እስክትጣራ ድረስ።

ብቻዬን መሄድን የተማርኩት በሹራቧ ምክንያት ነው።

የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የቆመ መምህር አየኝ። ሹራቧን ከላይ እስከ ታች አየና «ይህ የወንድ ልብስ ነው፤ ደግሞ የተጣፈ። የደንብ ልብስ ለብሰሽ ነይ» አለኝ። ልጆች ሳቁ። አያና እታለም ሌላ ግቢ ናቸው። ተመለስኩ።

ያን ያህል መንገድ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ መሄዷ ለእናቶች ጭንቅ ነው፤ ምክንያቱን የሀገሬ ሴቶች ያውቁታል። እስከ ጨሞጋ እያለቀስኩ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ውሃው እግሬን ሲነካው ልቅሶዬ ቆመ። ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ያን ቀን እኔ እንደፈለግኩ ነው የተራመድኩት። የሚቀድመኝም የምደርስበትም የለም። ያቺን ግራር ቆሜ አየኋት። ለካ በውስጧ የወፍ ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል! ሁለት መቶ ቀን በአጠገቧ አልፌ አላየሁም ነበር። ከሩቅ ጮቄ ደመናውን ገፍፎ ቁጭ ብሏል። መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘመርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ቤት ስደርስ ንዴቴ የት እንደወደቀ አላውቅም።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ዝም አለች። ሹራቧን አውልቃ አረንጓዴውን እራፊ ፈታች። እራፊውን ገልብጣ ከውስጥ በኩል ሰፋችው። በማግስቱ መምህሩ አላስቆመኝም።

ከሀገር የወጣሁበትን መንገድ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። እሱም እግር ነበረበት። ደስታ ግን አልነበረበትም።

ጀርመን የደረስኩት በ2007 ዓ.ም. ነው። ካምፑ ውስጥ ልገሳ የመጣ ልብስ የሚታደልበት ክፍል ነበር። የምታድለዋ ሴትዮ አንድ ካፖርት ሰጠችኝና የሆነ ነገር አለች። አስተርጓሚው «ያገለገለ ስለሆነ ይቅርታ እያለች ነው» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ ያደግኩት ባገለገለ ልብስ ነው። ዘወር ስል የልጆች ልብስ በተርታ ተሰቅሏል። ከየተርታው በላይ ቁጥር አለ። 116፣ 122፣ 128፣ 134 እያለ ይሄዳል። መጨረሻው አካባቢ 152 አለ።

እግሬ ቀጥ አለ። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። የልጁ ቁመት ነው አሉኝ፤ በሴንቲ ሜትር።

ያን ማታ አያ ጋ ደወልኩ። አያ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው።

«አያ፣ የሹራቧ ቁጥር ቁመት ነው። አንድ ሜትር ከ52።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ታዲያ ዋጋዋ አልነበረም?» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። «እኔ እኮ ስለብሳት አንድ ሜትር ከ40 እንኳ አልሞላም ነበር» አለ። እናቴ በዓይኗ ብቻ ለክታ «ያድግበታል» ያለችው ነገር ለካ ጨርቋ ላይ በቁጥር ተጽፎ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። መጀመሪያ ያ ዝምታ ያስጨንቀኝ ነበር። ከዚያ ከቤቴ ወርጄ በኒዳ ወንዝ ዳር መሄድ ጀመርኩ። ኒዳ ትንሽ ወንዝ ናት፤ ሆክስት የሚባል ሰፈር ላይ ከማይን ወንዝ ጋር ትገናኛለች። ጨሞጋን አትመስልም። ድንጋይ የላትም፣ አትጮህም። ግን ዳር ዳሯን መሄድ ይቻላል። ትራም ውስጥ ቀና ብሎ የማያየኝ ሰው እዚያ ዛፉ ሥር ሲያገኘኝ «ሞርገን»፣ እንደምን አደርሽ፣ ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን ከደስታዬ የተነሳ በአማርኛ ነው የመለስኩት። ብዙ ዓመት ብቻዬን ሄድኩባት። ናፍቆት ሲጸናብኝ፣ ወረቀት ሲመለስብኝ፣ ሌሊት ሠርቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። እቤት የማላለቅሰውን እዚያ አልቅሼዋለሁ። እቤት የማልዘምረውን እዚያ ዘምሬዋለሁ።

እናቴ ስልክ ሲገኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። «ብቻሽን ነሽ? ከሰው ተጠጊ እንጂ፣ እናቴ።» አሁን አሁን እኔም መልሼ እጠይቃታለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የጎጃም መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። አንዳንዴ ለሳምንታት ድምጿን አልሰማም። «ማርቆስ ወርደሽ ነበር፣ እማ?» እላታለሁ። «ምን ወርጄ! እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ እግሬ ከዚያ አያልፍም» ትለኛለች። ያ ስንቱን ሰላምታ ስንለዋወጥበት የነበረ መንገድ አሁን ሰው ቸኩሎ የሚያልፍበት መሆኑን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ባለፈው ሹራቧ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ማሙሽ ለብሷት፣ ከዚያ ከአህያዋ ጭነት ሥር ስትነጠፍ ከርማ፣ አሁን የተረፈችው ትራስ ውስጥ ገብታለች አለችኝ። «እኔው ነኝ የምተኛባት» አለችኝ።

ልጄ አሁን 8 ዓመቷ ነው። ቁጥሯ 128 ነው። ባለፈው መከር ወቅት ጎረቤቴ በር አንኳኳች። ፊቷ ቀላ ብሎ አንድ ከረጢት ሰጠችኝ። ልጇ የጠበቧት ልብሶች ናቸው፤ ያገለገሉ ቢሆኑም ንጹሕ ናቸው አለችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ከውስጡ ቀይ ጃኬት ወጣ። 140 ይላል። ልጄ ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነው። ሁለት ጊዜ አጠፍኩላትና ወደ ኋላ ብዬ አየኋት።

«ታድጊበታለሽ» አልኳት።

«የማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ኪሱን ፈተሸች። አንድ የደረቀ የባሉጥ ፍሬ አገኘች። ጣለችው ብዬ ስጠብቅ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። «ይቺ የእሷ ናት፤ ትቀመጥ» አለች።

እሁድ ጃኬቱን ለብሳ አብራኝ ወጣች። ጎረቤታችን ከነልጇ መጣች። ልጆቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ብዙ ቋንቋ የለንም፤ ዳክዬ እያሳየን፣ ቅጠል እያነሳን ሄድን። ስንመለስ እነሱ ደጅ ደረስን። ልጄ «እማ፣ እንሸኛቸው ወይስ እነሱ ይሸኙን?» አለችኝ። ይህን ቃል መቼ እንዳስተማርኳት አላስታውስም። ለጎረቤቴ በእጄም በአፌም አስረዳኋት። ሳቀችና ቁልፏን ወደ ኪሷ መለሰች። እንደገና ወደ ወንዙ ወረድን።

ግማሽ መንገድ ላይ ልጄ ቆመች። ደክሟታል። «ስንት ቀረን?» አለች።

ከፊታችን አንድ ረጅም ዛፍ አለ። ቅጠሉ ግማሹ ረግፏል።

«እስከዚያች ዛፍ ብቻ» አልኳት።

ዛፏን አየች። እኔን አየች። እጅጌዋን ሰብስባ መሄድ ጀመረች። ዛፏ ጋ ስንደርስ ዞር ብላ፣ «ቀጥሎ የቷ ናት?» አለችኝ።