ሰጋር ፈረስና የቆሰለ እግር

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አጎቴ ከቡልጋ መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጉልምስናቸውን ያሳለፉት ፈረስና በቅሎ በመግራት ነው። አንድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልመን ስንወጣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፊት ቆሙ። በ1923 ዓ.ም. ተተክሎ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰውን ይህን ሐውልት የሚያይ ሰው ዐይኑ በአብዛኛው የሚያርፈው ንጉሡ ላይ ነው። ጋሼ ግን ከፈረሱ ሰኮና ጀመሩ፤ ወደ ቋንጃው፣ ከዚያም ወደ ወገቡ እያሉ ወጡና በመጨረሻ፣ «ፈረስ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ፊቱ ሊያታልልህ ይችላል፣ እግሩ ግን አያታልልም» አሉኝ።

ይህን ስሰማ፣ ስለ አሜሪካ የትርኢት ፈረሶች ለወራት ሳነብ ቆይቼ ስለነበር፣ ፒያሳ አንድ ካፌ ገብተን ማኪያቶ እንዳዘዝን ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ አሳየኋቸው። በመብራት በደመቀ ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ የፊት እግሮቹን እስከ ደረቱ እያነሣ ይወረውራል፤ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ሊቀመጥ የተቃረበ ያህል ዝቅ ብሏል፤ ተመልካቹም ቆሞ ያጨበጭባል። ጋሼ ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙና ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ይሄ ፈረስ መሬቱ እየፈጀው ነው» አሉ።

«ምኑን አይተው ነው ጋሼ?»

«ወገቡን ነዋ። ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎታል። የፊት እግሩን የሚያነሣው ለማማር መሰለህ? መሬት እንዳይነካበት ነው እኮ ልጄ።»

ስለ ፈረሱ ዝርያም ሆነ በእነዚህ ፈረሶች አያያዝ ላይ ስላለው ክርክር ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። የእንስሳት ሐኪሞች በምርመራ ሲያረጋግጡት የኖሩትን ነገር በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደረሱበት።

አማርኛ ለፈረስ ልዩ አካሄድ ባዕድ አይደለም። «ሰጋር» የሚለው ቃላችን ያለው አካሄዱ ለጋላቢው ለሚመች እንስሳ ነው። ተራ ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኙና የኋላ ግራው፣ የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚነሡ በየርምጃው ጀርባው ይዘላል፣ ጋላቢውም አብሮ ይዘላል። ሰጋር ግን እግሮቹን አንድ በአንድ፣ ወይም የአንዱን ወገን ተራ በተራ እያነሣ ስለሚሄድ ጀርባው እንደ ውኃ ይፈስሳል። በአገራችን መኳንንቱ፣ ካህናቱና እመቤቶቹ ለረጅም መንገድ ሰጋር በቅሎ ይመርጡ የነበረው፣ ፈረሱን ግን ለጦርና ለጉግስ ያቆዩት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ «ሰጋር ትወለዳለች እንጂ አትሠራም፤ የገሪው ሥራ ያላትን እንዳታጠፋባት መጠበቅ ነው» ይላሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የእግሮችን ቅንጅት በሚመሩ ነርቮች ላይ የሚሠራ «ዲኤምአርቲ3» የተባለ ዘረመል ለይተው፣ በእሱ ላይ የደረሰ አንድ ለውጥ በሰጋር የፈረስ ዝርያዎች ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። የጋሼን አባባል የሚደግፍ ግኝት ነው።

ቪዲዮው ላይ የታየው ፈረስ ዝርያው ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ ይባላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዝርያው አባት ተብሎ የተመዘገበው አለን የተባለ ጥቁር ድንጉላ በ1886 ተወለደ። የታሰበው ለሶምሶማ እሽቅድድም ነበር፤ እሱ ግን የአንድ ወገን እግሮቹን አብሮ እያነሣ መሄድን ስለመረጠ ለታሰበለት ሥራ አልበቃም፤ ከእጅ ወደ እጅም ሲዘዋወር ቆየ። በ1903 ጄምስ ብራንትሊ የተባለ የቴነሲ ሰው ገዛው። አለን በ1910 ሞተ። የዝርያው አርቢዎች ማኅበር በ1935 ሉዊስበርግ ከተማ ሲቋቋም ግን ያ የተናቀ ፈረስ በመሠረት አባቶች መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ያዘ። ለዘሮቹ ያወረሰው «ራኒንግ ዎክ» የሚባለው አካሄድ አራት ምት ያለው ፈጣን ርምጃ ነው፤ የኋላው ሰኮና የፊተኛው የረገጠውን ዱካ አልፎ ያርፋል፣ ራሱም ከርምጃው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የእርሻ ባለቤቶች፣ ሐኪሞችና ሰባኪዎች ከመንደር መንደር የሚጓዙበት፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡበት ወገብ የማያሳምም ፈረስ ነበር።

ከቀደሙት ሻምፒዮኖች ሁሉ ልቤን የወሰደው ስትሮሊንግ ጂም ነው። በ1936 የተወለደ ዳማ ሰንጋ ፈረስ ሲሆን፣ ለትርኢት ከመመረጡ በፊት የእርሻ ቤት ሥራ ሠርቷል፤ ስቧል፣ ጎትቷል። ፍሎይድ ካሮዘርስ የተባለው አሠልጣኝ ግን አካሄዱን አይቶ በኮርቻ ሥር አወጣው። የዋርትሬስ ከተማ ነዋሪ የነበረው ሄንሪ ዴቪስ ባመነጨው ሐሳብ መሠረት በ1939 በሼልቢቪል ከተማ «ሴሌብሬሽን» የተባለው ታላቅ ዓመታዊ ትርኢት ሲጀመር፣ የመጀመሪያውን የዓለም ታላቅ ሻምፒዮንነት የወሰደው ይህ የሦስት ዓመት ፈረስ ነው። በ1957 ሲሞት ዋርትሬስ ከሚገኘው የዎኪንግ ሆርስ ሆቴል ጀርባ ተቀበረ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ቀንበር ለምዶ ያደገ እንስሳ በሜዳው ላይ ያሳየው ርምጃ ሰው በጭንቅ የፈጠረው አልነበረም። አብሮት የተወለደ ነው።

ሄይንስ ፒኮክ በ1940ና በ1941 ተከታትሎ አሸነፈ። በ1945ና በ1946 ደግሞ ሚድናይት ሰን የተባለው ጥቁር ፈረስ ተራውን ወስዶ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ድንጉላ ሆነ። ፍራንክሊን ከተማ በሚገኘው ሃርሊንስዴል እርሻ እስከ 1965 ኖሯል፤ የዛሬዎቹ የዝርያው ፈረሶች እጅግ ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው እሱ ላይ ይደርሳል። እርሻው አሁን የሕዝብ መናፈሻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዳኞቹና ተመልካቾቹ የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ ለሚወረውር ፈረስ ይበልጥ ማድላት ጀመሩ፤ «ቢግ ሊክ» የሚባለው የተጋነነ አካሄድም ከዚህ ተወለደ። በተፈጥሮና በትዕግሥት የሚገኘውን ከፍታ በአጭር ጊዜ ለማግኘት የፈለጉ ሰዎች የፈረሱን እግር ማቁሰል ያዙ። ከሰኮናው በላይ ያለውን ለስላሳ ቆዳ እንደ ሰናፍጭ ዘይት፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ያለ የሚያቃጥል ነገር ይቀቡታል፤ በላስቲክ ጠቅልለው ያሳድሩታል፤ በማግሥቱ በዚያው በተቃጠለው ቆዳ ላይ ሰንሰለት ያስሩበታል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ቁስሉን ስለሚመታው እግሩን ከመሬት ይነጥቃል። ሌላው ዘዴ ሰኮናውን እስኪደማ ድረስ መከርከም፣ ወይም ከሰኮናው ሥር በሚታሰረው ወፍራም የጫማ ንጣፍና በውስጥ እግሩ መካከል ጠንካራ ነገር መሸጎጥ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ለምርመራ የሚያዘጋጁበት መንገድ ነው፤ ተቆጣጣሪው እግሩን ሲዳስሰው እንዳይሸሽ፣ በቤት ውስጥ ልምምድ እየዳሰሱት በሸሸ ቁጥር ይመቱታል። እንስሳው ሕመሙን መደበቅ ይማራል ማለት ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «እሱንስ ባትነግረኝ» አሉ።

የሜሪላንዱ ሴናተር ጆሴፍ ታይዲንግስ ያቀረበው የፈረስ ጥበቃ ሕግ በ1970 ጸድቆ የቆሰለ ፈረስ ለትርኢት ማቅረብን፣ መሸጥንና ለዚሁ ማጓጓዝን ከለከለ። በ1976 ሲሻሻል ግን የትርኢቱ ማኅበራት የራሳቸውን ተቆጣጣሪዎች እንዲመድቡ በር ተከፈተ፤ ብዙዎቹ ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው የሙያው ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በ2010 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት ይህ አሠራር የጥቅም ግጭት ያለበትና ማቁሰልን ለማስቆም ያልበቃ መሆኑን ገለጸ። በ2006 ሴሌብሬሽን ላይ ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት ፈረሶች መካከል ምርመራውን ያለፉት ጥቂት በመሆናቸው የዚያ ዓመት ታላቅ ሻምፒዮን ሳይሰየም ቀርቷል። ስትሮሊንግ ጂም የጀመረው ማዕረግ፣ የሚሸከመው ጤናማ እግር ጠፍቶ ባዶ ሆነ።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ የትርኢቱን ደጋፊዎች ቃል ሳልሰማ ማለፍም አልፈልግም። የሚያቆስሉት ጥቂቶች ናቸው፣ ሁላችንም በእነሱ ኃጢአት መፈረድ የለብንም ይላሉ። ወፍራም ጫማና ቀላል ሰንሰለት ብቻቸውን አያቆስሉም፣ የአካሄዱን ምት የሚያጎሉ የሥልጠና መሣሪያዎች ናቸው ይላሉ። ሰንሰለቱ ከ6 አውንስ፣ ማለትም ከ170 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ደንብ ስላለም ይህን እንደ ዋስትና ይቆጥሩታል። ተቆጣጣሪው በእጁ ዳስሶ የሚሰጠው ፍርድ ከሰው ሰው ይለያያል የሚለው አቤቱታቸውም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። ከሼልቢቪል ትርኢት የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ቤተሰቦች እንዳሉም እረዳለሁ።

ሆኖም የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርና የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ወፍራሙ ጫማና ሰንሰለቱ ከሜዳ እንዲወገዱ በጋራ ጠይቀዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ከመሣሪያው ይልቅ ከሽልማቱ ይነሣል። በሕመም የተገኘ ከፍታ በጤና ከተገኘው ርምጃ በልጦ ዋንጫ እስከወሰደ ድረስ፣ ሐቀኛው አሠልጣኝ ወይ ይሸነፋል ወይ ያቆስላል። ጥቂቶች ናቸው የሚባሉት አጥፊዎች ሜዳውን ሊገዙ የቻሉት ዳኛው ስላነገሣቸው ነው። ማጨብጨቡ ሲቀር ማቁሰሉ ትርፍ አይኖረውም።

ስለ ባዕድ አገር ይህን ያህል ስጽፍ የራሳችንን አልዘነጋሁም። ኮርቻ የመለጠው የጋሪ ፈረስ ገጣባ በየከተማችን የሚታይ ነው፤ የእኛ ልጓምም በክፉ እጅ ሲያዝ መንጋጋ ይሰብራል። ጋሼ ያን ዕለት ራሳቸው አንድ ነገር አወጡ። ገና ጎረምሳ ሳሉ አንዲት ዳማ በቅሎ ቶሎ እንድትሰግርላቸው ልጓሙን አጥብቀው እየጎተቱ ቁልቁለት ለቁልቁለት አመላለሷት። ሰገረች፤ ግን አፏ ተቆርጦ ደማ፤ ከዚያ በኋላ ልጓም ባየች ቁጥር ራሷን ወደ ሰማይ እየሰቀለች እስክትሸጥ ድረስ አላስይዝ አለች። «የወሰድኩባትን ነገር አልመለስኩላትም» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ዐይናቸው ከማኪያቶው አልተነሣም።

ማቁሰልን ጨርሶ ለማስቀረት የተረቀቀውና በታይዲንግስ ስም የተሰየመው ሕግ በ2019 የአሜሪካን የተወካዮች ምክር ቤት በ333 ለ96 ድምፅ አልፎ ሴኔቱ ዘንድ ቀረ። የግብርና መሥሪያ ቤቱ በ2024 ወፍራሙን ጫማና ሰንሰለቱን የሚከለክል፣ ቁጥጥሩንም ከትርኢት ማኅበራቱ እጅ የሚያወጣ ደንብ አወጣ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋና ዋና ክፍሎቹን ሻራቸው።

ከካፌው ከመውጣታችን በፊት ሁለተኛ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ዝርያው ያው ነው፤ እግሩ ላይ ግን ተራ የብረት ጫማ ብቻ አለ፣ ሰንሰለት የለም። አንዲት አሮጊት ሴት ተቀምጠውበት በገጠር መንገድ ይሄዳሉ፤ ፈረሱ ራሱን እየነቀነቀ ረጅም ረጅም ይራመዳል፤ የሴትየዋ ባርኔጣ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ።

«ይኸኛውስ ይሰግራል» አሉ። ቀጥለውም፣ «እስቲ ድገምልኝ፤ የኋላ እግሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ልየው።»