ነጩን ክር አሳልፍ

በ1991 ክረምት ካሴት ቤት ገባሁ። ሰባተኛን ጨርሼ ስምንተኛን እየጠበቅኩ ነበር። እናቴ «ሲያውደለድል ከሚውል እዛ ይዋልልኝ» ብላ ለአባቴ ጓደኛ ሰጠችኝ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ምሳ አለ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጋሼን ገበያው ደስ ካሰኘው አምስት ብር። ለአንድ ክረምት ብዬ ገብቼ ወጣ ገባ እያልኩ ሰባት ዓመት ያህል ቆየሁ። ሰው ስለ ዘጠናዎቹ ሲያወራ (በኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ) ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው የደስታ ከረሜላ ፎቶ ነው። እኔ ዘጠናዎቹን የማውቃቸው ከካሴት ቤት መጋረጃ ጀርባ ነው። ከዛ በኩል ሲታዩ ትንሽ ይለያሉ።

ሱቋ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚስተናገደው። በር ላይ ግን እኔን የሚያክል ስፒከር ቆሟል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ታንጎ፣ ሱፐር ሶኒክ፣ ማን እንዳሳተመው ሳላወርድ ከሩቅ እለይ ነበር። አዲስ ካሴት ባብዛኛው የሚወጣው በዓል ሲደርስ ነው፣ ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ። ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑ ወደ ውስጥ ይገባና መዝሙር በር ላይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ሹር ማታ እንደገና ቦታ ይለዋወጣሉ።

ሱቋን የሚያኖራት ግን የተደረደረው ካሴት አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ሁለት ዴኮች ነበሩ። የኔም ሥራ እዛ ነው፣ መቅዳት።

ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል። አንዱ የደብተር ቅጠል ላይ፣ አንዱ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የዘፈን ዝርዝር ጽፎ። ግማሹ ርዕሱን አያውቀውም። «የጥላሁን፣ ያቺ የምታስለቅሰዋ» ይልሃል። የትኛዋ ናት የማታስለቅሰው? ከዛ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በጆሮዬ ያንጎራጉርልኛል፣ እኔ እገምታለሁ። አስቴር፣ ኤፍሬም፣ ንዋይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ኬኒ ሮጀርስ አይቀርም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንግሊዝኛ የማይሰማው ሁሉ ኬኒ ሮጀርስ ይሰማ ነበር።

መቅዳት ቀላል ሥራ ከመሰለህ ተሳስተሃል። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ጎን ሠላሳ ደቂቃ ነው የሚይዘው። የኛ ዘፈን ደግሞ ረጅም ነው፣ መግቢያው ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ በእርሳስ እየደመርኩ የቱ ከየቱ ጋር ቢሄድ ጎኑ ሲያልቅ ዘፈኑ እንደማይቆረጥ አሰላ ነበር። ሒሳብ ላይ ሰነፍ ነበርኩ፣ ይሄ ላይ ግን አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ገንዘብ የሌለው ሰው ባዶ ካሴት አይገዛም፣ የሰለቸውን የድሮ ካሴት ይዞ ይመጣና «ላዩ ላይ ቅዳልኝ» ይላል። ኦርጅናል ካሴት ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ከጀርባው ሁለቱ ጥርሶች ተሰብረው ነው የሚወጣው። እኛ ወረቀት አኝከን ቀዳዳውን እንደፍነዋለን፣ አለቀ። ዴኩ ክር ሲበላ ደግሞ በቢክ እስክሪብቶ እያዞሩ ማውጣት፣ ከተበጠሰም በምላጭ ቆርጦ በስኮች መቀጠል። የተቀጠለው ቦታ ላይ ዘፋኙ ቃል ይውጣል። የሆነ ዘፈን ላይ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ስንኝ ዘልዬ የምዘፍነው ለዛ ነው።

ጋሼ የሚቆጣኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው። ካሴት ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ክር አለው፣ ድምፅ የማይዝ። ቡናማው እስኪመጣ ማሳለፍ አለብህ። ሳላሳልፍ ከጀመርኩ የመጀመሪያው ዘፈን መነሻ ይበላል። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ።

«አንተ ልጅ! ነጩን አሳልፍ አላልኩህም?»

«አሳልፌዋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰውየው ከመሀል ነው እንዴ መዝፈን የጀመረው?»

አንዴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመስል ልጅ አሥር ዘፈን ጽፎ መጣ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ ብሎ አሥር ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ልብ ስሎ ስም ጻፈበት። በሳምንቱ አንዲት ልጅ ያንኑ ካሴት ይዛ መጣች። ልቡም ስሙም አለ። «ላዩ ላይ ቱፓክን ቅዳልኝ» አለችኝ። ጋሼ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ግን ያ ሁሉ የእርሳስ ሒሳቤ አንጀቴን በላው።

ሁሉም እንዲህ አያስቅም። የኤርትራ ጦርነት ነበር። ከ1990 ግንቦት ጀምሮ እስከ 1992 ሰኔ ዘለቀ። ከሰፈራችን የሄደ አንድ ልጅ ያስቀዳውን ካሴት ሳይወስድ ነው የሄደው። ጋሼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠለት። ወራት አለፉ። እናቱ ናቸው መጥተው የወሰዱት፣ ጥቁር ለብሰው። ጋሼ ሒሳቡን አልተቀበላቸውም። የዛን ቀን ስፒከሩ ተዘጋ። ስፒከሩ እንዲህ ተዘግቶ የማስታውሰው ሌላ አንዴ ብቻ ነው፣ መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው። ያን ቀን እንኳን ዘፈን የጎረቤት ጩኸትም አይሰማም ነበር። ኃይሌ መስመሯን ካለፈ በኋላ ጋሼ ስፒከሩን እስከ መጨረሻ ከፈተው። ምን ዘፈን እንደነበር አላስታውስም፣ ማንም አልሰማውም።

የሱቁ ስልክ የሰፈሩ ስልክ ነበር። «እከሌን ጥሩልኝ» ሲባል ሮጬ የምጠራው እኔ ነኝ። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው፣ ግን መጀመሪያ የያዙት ሀብታሞች ናቸው። ጋሼ ሲም ካርድ ያገኘው ከብዙ ሰልፍና ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው። ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎት ይዞር ነበር፣ ሲደወልለት ከሱቁ ወጥቶ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፣ ሰው እንዲያየው። በኋላ እኛም ጋ ደረሰ። የጽሑፍ መልእክት መላላክ ጀመርን ስንል ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘጋና ለሁለት ዓመት ያህል ጠፋ። ስለዚህ የኛ ዕድሜ ሰው ፍቅሩን በካሴት ጀምሮ፣ ለአጭር ጊዜ በኤስኤምኤስ ሞክሮ፣ ተመልሶ ሚስድ ኮል ላይ ወደቀ።

በ1992 ኤፍ ኤም 97.1 ሲጀምር ጋሼ «አበቃልን» አለ። ሰው ዘፈን በነፃ እየመረጠ ከሰማ ማን ካሴት ይገዛል ብሎ ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰው በሬዲዮ ሰምቶ ይመጣና «ትናንት ማታ የከፈቷት» ይላል። ሥራዬ በእጥፍ ጨመረ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ልምጣ።

1994 ይመስለኛል፣ ጥቅምት ወር። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ገባ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። ግድግዳውን አየ፣ አየና «ያቺኛዋ ካሴት ትሸጣለች?» ብሎ ጋሼን ጠየቀው። በጣቱ የጠቆመው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ የራሱ ነው። ኮቱም ያው ኮት ነው።

ጋሼ ደነገጠ። «አዎ፣ ደህና ናት፣ ትሄዳለች» አለው።

«ስንት ሄደች?»

«ሦስት... አራት ሳትሆን አትቀርም።»

ያቺ ካሴት ባልጠበቅነው መንገድ ተወዳ ነበር። መግቢያዋ በማሲንቆ የሚጀምር ዘፈን አላት፣ ሰው እሷን ለማስቀዳት ነው የሚመጣው። በዛ ወር ብቻ አርባም ሃምሳም ጊዜ ቀድቻታለሁ። መጋረጃው ደግሞ ያን ቀን ገለጥ ብሎ ነበር። ልጁ ወደ ውስጥ አየ። የራሱ ካሴት ዴኩ ውስጥ እየዞረች ነው፣ ከጎኗ ባዶው ካሴት፣ ቀይዋ መብራት በርታለች። እኔ መሀላቸው ተቀምጫለሁ፣ እርሳስ ይዤ። የምገባበት ጠፋኝ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዝቅ ብሎ ዴኩን ተመለከተና «ጥርት ብሎ ይቀዳል?» አለኝ።

«ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል» አልኩት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

«ማሲንቆው ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«እሱ ከተሰማ ጥሩ ነው» አለና ፈገግ አለ፣ ጋሼን ተሰናብቶ ወጣ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዛ «ጨርሰው፣ ባለቤቱ በአሥር ሰዓት ይመጣል» አለኝ። ጨረስኩት።

እንግዲህ ሕጉ በኋላ መጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ በ1996። ጋሼ ወሬውን ሰምቶ ለሁለት ሳምንት መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ያዘው። ከዛ ፈታው፣ ማንም አልመጣም። ያኔ ደግሞ ካሴት ራሱ መሞት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ቪሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ መቶ ሃምሳ ዘፈን በአንድ ሲዲ፣ አርቲስቱን ሁሉ አንድ ላይ እንደ ማኅበራዊ (የፍስክ ነው፣ ሁሉም ነገር አለበት)። ጋሼ ኮምፒውተር ገዛ። ሚሊኒየሙ ሲደርስ፣ ከተማው በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ አሸብርቆ ብላክ አይድ ፒስ ሊዘፍኑልን ሲመጡ፣ ሱቋ ውስጥ ካሴት የቀረው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ሜሞሪ እንጭናለን» የሚል ተለጠፈ። ዛሬ እዛ ቦታ የሞባይል ከቨር ይሸጣል፣ ጋሼም አርፏል፣ ነፍሱን ይማረው።

ሰው ሁሌ «የድሮ ዘፈን፣ የድሮ ፍቅር» ይላል። እኔም እላለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያን ያህል እንወዳቸው የነበሩትን ዘፋኞች በወደድናቸው ቁጥር ነበር ኪሳቸውን የምናራግፈው። ያ ልጅ ሁለተኛ ካሴት አላወጣም። ጠየቅኩ፣ ያየው ሰው የለም። የኔ ሃምሳ ቅጂ ነው ያስቀረው ብዬ ራሴን አላካብድም፣ በየሰፈሩ ግን እንደኔ እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዩቲዩብ ላይ ፈለግኩት። አለ። አንድ ሰው ጭኖታል፣ ፎቶ እንኳን የለውም፣ የቆመ የጀንበር ሥዕል ላይ ነው የለጠፈው። ሰማንያ ምናምን ሰው አይቶታል። ኦርጅናሉን ሌላ ቦታ ፈለግኩ፣ የለም። ይቺ ብቻ ናት ያለችው። ኢርፎን ሰካሁና ከፈትኩት። ሹክሹክታ የመሰለ የክር ድምፅ፣ ቀጭኑ ድምፅ የቀነሰ፣ ከቅጂ የተወሰደ መሆኑ ወዲያው ነው የገባኝ።

መልሼ ከመጀመሪያ ከፈትኩት። ማሲንቆው ይሰማል። የመጀመሪያዋ ምት ግን የለችም፣ ነጩ ክር ላይ ቀርታለች።