ንፋሱን አስወጣልኝ ብዬ ነበር የለመንኩት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን ቁጭ ብዬ የምጽፈው በእሱ ቸርነት ነው። የማወራው ስለ ብርድ ነው። አትሳቁ።

ከደሴ ወደ ወረኢሉ የሄደ ሰው ጉጉፍቱን ያውቃታል። በጋቢ ላይ ጋቢ ብትደርቡም አጥንት ድረስ ይገባል ብርዱ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እዚያ ለመንገድ ሥራ ስሄድ የተሰጠኝ ማደሪያ ካራቫን ነበር፤ በመኪና የሚጎተት፣ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ ነገር። ቀን ምጣድ፣ ማታ ፍሪጅ። ንፋሱ ከየት እንደሚገባ አይታወቅም፣ ብቻ ሲያፏጭ ያድራል። የማታ ጸሎቴም ያው አንድ ነበር፤ «ጌታዬ፣ ይህን ንፋስ አስወጣልኝ።»

የገብርኤል ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 18 ማታ፣ ጧፍ አብርቼ ስጸልይ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ተጋደመ። ቆይ እስቲ አልኩና ጧፉን ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን ዞርኩ። መስኮቱ ጥግ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሩ ሥር ጭራሽ ጠፋ። የባሰው ግን አልጋዬ ሥር ነው። የውሃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገቡበት ቀዳዳ አለ፣ ጣቴን ስሰድ ውጭ ገባ! ለካ ንፋሱ በጎማዎቹ መሀል አልፎ ከታች ነው የሚመጣው፣ እኔ ወር ሙሉ መስኮቱን ስረግም።

የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቀዳድጄ ጠቀጠቅኩበት። መስኮቱን በፕላስተር፣ በሩን በጨርቅ። ጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ሳይቀር ፌስታል ወተፍኩባት። ከዚያ ጧፉን መልሼ ለኮስኩ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ንቅንቅ የለም። እልልታ ነው የቀረኝ። ገብርኤል ሰማኝ አልኩ።

ከዚያ የጾም ሽሮዬን የሠራሁበትን ከሰል ከነማንደጃው ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል፣ ምን ያደርገኛል ብዬ። ትንሽ ራሴን አመመኝ፣ ብርዱ ነው አልኩና ተኛሁ።

የካምፑ ዘበኛ የአገሩ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም አባት፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ለሱብሂ ውዱ ሊያደርጉ ጆጉን ቢያዘነብሉ ውሃው በረዶ ሆኗል። ማታ ከሰል ሳስገባ አይተውኝ ነበርና ሊያሞቁት መጡ። አንኳኩ። ዝም። «አንት ልጅ! አንት ልጅ!» ዝም። እኔ ድምፃቸውን እንደ ሕልም እሰማዋለሁ፣ አፌ ግን አይታዘዝም። በሩ በጠቀጠቅኩት ጨርቅ ተቀርቅሮ እምቢ ሲላቸው በትከሻቸው ገፍተው ገነጠሉት፤ በብብቴ ይዘው ጎትተው ውርጩ ላይ አጋደሙኝ፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያሉ። አስመለሰኝ። ጉልበቴ ውሃ ሆኖ መቆም አቃተኝ። ያ ስሸሸው የከረምኩት ብርድ ፊቴን ሲመታኝ ነው ነፍስ የዘራሁት።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጡኝ። የገደለኝ ጭሱ አይደለም አሉ፤ ፍሙ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለው፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው ሰው ተኝቶ የሚቀረው። ራስ ምታቱ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ እኔ በብርድ አሳበብኩት።

እስቲ አስቡት። ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣበት በዓል ነው ቀኑ። እኔ ንፋሱን አስወጣልኝ ስል እሱ እኔን አስወጣኝ፣ ያውም ውሃ አቀዝቅዞ፣ የሙስሊም አባት ልኮ። ወሎዬ ይህን ሲሰማ አይገርመውም፣ እኔ ግን እስካሁን ሳወራው እንባዬ ይመጣል።

የወለሉን ስፖንጅ አላነሳሁትም፣ እሱ ልክ ነበር። እንዲያውም በካራቫኑ ሥር ዙሪያውን ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ደርድሬ ንፋሱን ቆረጥኩት። የጣሪያዋን ፌስታል ግን ያኔውኑ አወጣሁ፤ ከሰልም ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ ነው። ለጋሼ ማታ ማታ አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ እሰጣቸው ነበር። ሱብሂ ላይ ባዶውን ሊመልሱ ብለው ያንኳኳሉ። «አቤት» እስክላቸው ድረስ አይሄዱም።