ከእውነተኛው ድራፍት በፊት በወረቀት ተለማመድን

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግን፣ ማለትም የእውነተኛ ተጫዋቾችን ቡድን ሠርተህ በጨዋታቸው ነጥብ የምትሰበስብበትን ጨዋታ፣ ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ ተጫዋች ተራ በተራ የሚመረጥበትን ዓይነት፣ ድራፍቱን፣ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር። በተለመደው ፋንታሲ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፣ ቡድንህን ትገዛለህ፣ ሃላንድን ካፒቴን አድርገህ ቅዳሜን መጠበቅ ነው። ጎረቤትህም ያንኑ ሃላንድ ካፒቴን ያደርገዋል። ድራፍት ላይ በጀትም ካፒቴንም የለም። አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ፣ ማለትም አብረው በሚጫወቱ ጓደኞች መካከል፣ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ቀድሞ የወሰደው ሰው ካልለቀቀው በቀር አንተ አታገኘውም።

ነሐሴ ላይ፣ የ2025/26 ውድድር ሊጀመር ሲል፣ የሰፈር ልጆች 8 ሆነን ሊግ ልንከፍት ተስማማን። ድራፍት የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር። «መጀመሪያ በወረቀት እንለማመድ፤ የምንመርጠው ቡድን አይቆጠርም፣ ስንጨርስ እንቀደዋለን» አለን። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለች ጀበና ቡና ቤት ተሰበሰብን። ዝናቡ አላስወጣንም፣ ስለዚህ ጊዜ ነበረን።

የ2024/25ን የነጥብ ዝርዝር ከፊታችን አደረግን። አናቱ ላይ ሳላህ በ344 ነጥብ ተቀምጧል፤ በፋንታሲው ታሪክ በአንድ ዓመት እንዲህ ያመጣ የለም። ድራፍት የሚያውቀው ልጅ መጀመሪያ ያስደረገን ነገር ግን መምረጥ ሳይሆን መሰረዝ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሉዊስ ዲያዝን ሰረዘ፣ ባየርን ሄዷል። አሌክሳንደር አርኖልድን ሰረዘ፣ ሪያል ማድሪድ ነው። ደ ብሩይነ፣ ናፖሊ። ያለፈው ዓመት ነጥብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ተጫዋቹ አሁንም ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ መኖሩን ሳታይ ግን ዝርዝር ማመን አይቻልም።

ከዚያ የመምረጫ ተራ ዕጣ። ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቅልል ወረቀቶች ባዶ ሲኒ ውስጥ ገቡ። ለእኔ 8 ደረሰኝ፣ የመጨረሻው። ሁሉም «አይዞህ» አሉኝ፤ ነገር ግን እንደሚመስለው መጥፎ ዕጣ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ተራው ይገለበጣል፤ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የነበረው በሁለተኛው ቀዳሚ ይሆናል። ስለዚህ 8ኛውም 9ኛውም ምርጫ የእኔ ነው። አንደኛ የወጣው ልጅ ሳላህን ይዞ እስከ 16ኛው ድረስ ቁጭ ይላል። የእኔ ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ከ9 በኋላ ተራ የሚደርሰኝ 24 ላይ ነው። መሃል ላይ 14 ስም ይሄዳል።

ይህ ቁጥር ነው አስተሳሰቤን የቀየረው። «አሁን ካሉት ማን ይሻላል?» ብቻ ብለህ መምረጥ አይበቃም፣ «ተራዬ እስኪመለስ ማን ያልቃል?» ማለት አለብህ።

ሳላህ፣ ሃላንድ፣ ፓልመር፣ ምቤሞ፣ ኢሳክ፣ ሳካ፣ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ወጡ። ተራዬ ደረሰ። የአንዱ ልጅ ስልክ ጠረጴዛው ላይ 60 ሰከንድ እየቆጠረ ነው። «በል ቶሎ በል፣ ሰዓት እየሄደ ነው!» ይሉኛል። ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሠራሁ። እያንዳንዳችን 15 ተጫዋች እንይዛለን፦ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ለ8 ሰው 24 አጥቂ ያስፈልጋል። ሊጉ ውስጥ ያሉት ደግሞ 20 ክለቦች ናቸው፣ አብዛኞቹ በአንድ አጥቂ ነው የሚጫወቱት። ሁልጊዜ የሚሰለፍ አጥቂ ለሁላችንም አይዳረስም ማለት ነው። አማካይ ግን ሞልቷል። ለኖቲንግሃም ፎረስት በ2024/25 20 ጎል ያገባውን ክሪስ ዉድን ወሰድኩ፣ ተከታትዬ ኦሊ ዋትኪንስን። ተራዬ 24 ላይ ሲመለስ ጥሩ ጥሩ አጥቂ የሚባለው አልቋል፤ የምፈልገው አማካይ ግን እንዳለ አለ።

ሦስተኛውን አጥቂ ለመጨረሻ ተውኩት። ሕጉ ቢያንስ አንድ አጥቂ አሰልፍ ይላል እንጂ ሦስት አይልም። ግብ ጠባቂም እንደዚያው፣ የሚሰለፈው አንድ ስለሆነ ለእሱ ቀደም ያለ ዙር ማቃጠል አያዋጣም። ግን በጣም አትዘግዩ፦ 8 ሰው ሁለት ሁለት ሲይዝ 16 ነው፣ ከ20 ቋሚ በረኞች የሚተርፉት 4 ብቻ ናቸው።

ወረቀቱን ቀደን ደግመን ተጫወትን። ሁለተኛው ላይ 4 ቁጥር ደረሰኝ፤ መሃል ላይ መሆን ደግሞ ሌላ ነው፣ ጥንድ ምርጫ የለህም፣ ግን ብዙም አትጠብቅም። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፦ ከተለያየ ተራ ሞክሩት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተለማምዶ ዕጣው ሌላ ቦታ ሲጥላችሁ ግራ ትጋባላችሁ።

እውነተኛው ድራፍት በስልክ ነበር፣ ሁላችንም ከየቤታችን። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ኔትወርክ ይንቀራፈፋል፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ይመርጥልሃል። ስለዚህ የምፈልጋቸውን በቅደም ተከተል ዋችሊስት (የምትፈልጋቸው ተጫዋቾች ዝርዝር) ውስጥ አስቀድሜ አስገባሁ፤ ባልደርስም ከዚያ ላይ ነው የሚወስድልኝ።

በወረቀት ልንለማመደው ያልቻልነው ዋይቨሩን ነው። ማንም ያልያዘውን ተጫዋች ለመውሰድ ጥያቄ ታስገባለህ፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም በደረጃ ታች ላለው ነው። የሚዘጋው ከዴድላይኑ፣ የሳምንቱ ቡድን ከሚቆለፍበት ሰዓት፣ 24 ሰዓት ቀድሞ ነው። የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡30 ከሆነ ዴድላይኑ 7 ሰዓት ነው፣ ዋይቨሩ ደግሞ ዓርብ 7 ሰዓት። ዓርብ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔን ሐሙስ ማታ አስገብቼ ነው የምተኛው።