የከሰዓት በኋላው ድካም

ለረጅም ጊዜ ድካሜን የሥራ ብዛት ያመጣው ነገር አድርጌ እቆጥረው ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን ዓይኔ ኮምፒዩተሩ ላይ ተተክሎ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ከዚያም እንደ ልማዴ ቡና እጠጣለሁ። ስህተቱ እዚሁ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እንዲለን የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ደግሞ የአዴኖሲንን መልእክት የሚቀበሉትን የሕዋስ በሮች ለጊዜው ይዘጋል እንጂ አዴኖሲኑን አያስወግደውም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓታት ገደማ በኋላም በሰውነታችን ውስጥ ስለሚቆይ፣ የከሰዓቱ ቡና የሌሊቱን እንቅልፍ እየሸረፈ ለነገው ድካም መንገድ ይጠርግ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ቡናውን ከቀትር በፊት ብቻ አደረግሁት። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት በመሆኑ፣ የመኝታና የመነሻ ሰዓቴን በእረፍት ቀንም ሳላዛባ ለመጠበቅ እሞክራለሁ፤ ስልኬንም ከመኝታ ክፍሌ አስወጥቻለሁ (ከሁሉም የከበደኝ ይኸኛው ነበር)። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እኔ ግን የጀመርኩት ከምሳ በኋላ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ነው። ደክሞት የተቀመጠ ሰው ተነሥተህ ተራመድ ሲባል ቀልድ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ሰው እንቅልፍ ጠግቦና በአግባቡ ተመግቦም ለሳምንታት የማይለቀው ድካም ግን በልማድ ለውጥ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ መንስኤው የብረት ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራ መታየት ይኖርበታል።