የጎረቤት ኤሊ ስትጎሳቆል

ግቢ ውስጥ ታስራ ደረቅ ዳቦ የሚጣልላትን ኤሊ ለመርዳት ባለቤቱን መውቀስ አያዋጣም። «ጋሼ፣ ሣር እያመጣሁ ልንከባከብልዎት?» ሲባሉ ብዙዎች ደስ ይላቸዋል።

ቀዳሚው ውሃ ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ከአገጯ ሳያልፍ፣ ለ20 ደቂቃ። ራሷ ትጠጣ፤ አፏ ውስጥ ቢንቆረቆር ሳንባዋ ይገባል። ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ ጠምቷታል፤ ለሳምንት በየቀኑ ይደገም።

ምግቧ ሣር ነው፤ እሾሁ የተላገ የበለስ ቁልቋልም ትወዳለች። ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ ይቅር። ለአጥንቷ የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት አድቅቆ ሣሩ ላይ መነስነስ ነው። ፀሐይ በመስታወት በኩል አትጠቅማትም፤ ደጅ ትውጣ፣ ጥላም ይኑራት። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ሲሚንቶ ላይ አትደር፤ ጭድ በተነጠፈበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትደር።

ገመድ ለማስገባት ድንጋይ ልብሷን መብሳት ግን ጭካኔ ነው። ነርቭና ደም ያለው ሕያው አጥንት ስለሆነ ያማታል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። በገመድ ፋንታ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ይሠራላት።

ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሳንባዋ ሳይታመም አልቀረም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ።